የማያመው ሰው ለምን ይመረመራል?

በብልባላ ለማታ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገረው ሰው አውጥቶ ለመናገር ስለሚያፍርበት ነገር ነው። ስለ ሰገራና ስለ አንጀት ካንሰር እንነጋገራለን። ነውር የለበትም አንላችሁም፤ ሀፍረት ግን ሰው የሚገድል ሲሆን ዝም አይባልም።

የአንጀት ካንሰር እንዴት ይጀምራል? አብዛኛውን ጊዜ በትልቁ አንጀት ውስጥ ትንሽ ትርፍ ሥጋ ትበቅላለች። ብዙዎቹ ጉዳት ሳያደርሱ ይኖራሉ። አንዳንዷ ግን ቀስ በቀስ፣ ብዙ ጊዜ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ፈጅታ ወደ ካንሰር ትለወጣለች። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሰውየው ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ይወቃል፤ ምንም አያመውም። አረም ገና ለጋ ሳለ በሁለት ጣት ይነቀላል። ሥር ከሰደደ በኋላ ግን ሰብሉን ይዞ ይነሣል። ይህም በሽታ እንደዚያው ነው።

በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ መንግሥት መመርመሪያውን በፖስታ እየላከ ሰውን ይመረምራል። ሰውየው እቤቱ ሆኖ ከሰገራው ጥቂት ወስዶ መልሶ ይልካል። በዓይን የማይታይ ደም ካለ በምርመራው ይገኛል። ገንዘብ አይከፈልበትም፤ መንገድም የለው። ታዲያ ሁሉም ይመረመራል? አይደለም። ከሦስት ሰዎች አንዱ ያህል መልሶ አይልክም። አንዱ ይጸየፋል፤ አንዱ «ምንም አላመመኝ» ይላል፤ አንዱ ደግሞ ክፉ ወሬ እንዳይሰማ ይፈራል። እነዚህ ሰዎች ማንበብና መጻፍ የሚያውቁ ናቸው። ስለዚህ ከምርመራ የሚቀር ሰው ሁሉ መሃይም ነው አይባልም። ሀፍረትና ፍርሃት የተማረውንም ይይዛሉ።

በአገራችን ለአንጀት ካንሰር ጤነኛውን ሁሉ የሚጠራ እንዲህ ያለ ምርመራ ገና አልተጀመረም። ስለዚህ የእኛ ድርሻ ምልክቱን አለመደበቅ ነው። ምልክቱ ምንድን ነው? ከሰገራ ጋር ደም መውጣት፣ ሰገራ እንደ ሬንጅ መጥቆር፣ ለሳምንታት የማይለቅ ድርቀት ወይም ተቅማጥ፣ ያለ ምክንያት መክሳትና መድከም ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ኪንታሮት ነው» ብሎ ይተወዋል። ብዙ ጊዜም እውነት ኪንታሮት ወይም አሜባ ይሆናል። ለይቶ የሚያውቀው ግን መርማሪ ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ። በጤና ጣቢያ የሚደረገው የተለመደው የሰገራ ምርመራ ትልንና አሜባን የሚፈልግ ነው። «ምንም የለም» ብትባሉም ደሙ ካልቆመ ተመልሳችሁ ሂዱ፤ «ደሙ አልቆመም» ብላችሁ በግልጽ ተናገሩ። ካስፈለገ ወደ ላሊበላ ሆስፒታል፣ ከዚያም አንጀትን ከውስጥ የሚያይ መሣሪያ ወዳለበት ትልቅ ሆስፒታል ይልኳችኋል።

«ካንሰር ከተባልኩ አለቀልኝ» የሚልም አለ። ሳይስፋፋ የተገኘ የአንጀት ካንሰር በቀዶ ሕክምና ተቆርጦ ይወጣል፤ ብዙ ሰው ይድናል። የሚከፋው ዘግይቶ የመጣው ነው። ጠበል የሚጠመቅም ይጠመቅ፤ ሐኪም ዘንድ መሄድ ጠበሉን አይሽረውም።

መንገዱ ሩቅ ነው፣ አጨዳ ደርሷል፣ ገንዘብ የለም የሚለው ግን ሰበብ አይደለም። እውነተኛ ችግር ነው። ብቻውን ለሆነ ሰው ይከብዳል። ደቦ የምንወጣው ለዚህ አይደለም ወይ? የታመመውን ጎረቤት ማሳ የሚያጭዱለት ይኑሩ፤ አብሮት የሚሄድም ይኑር። የጤና መድኅን አባል የሆነ መታወቂያውን ይያዝ።

እናቶችና እኅቶች ሆይ፤ ለማሕፀን በር ካንሰር ግን ሳያማችሁ የምትመረመሩበት አገልግሎት በአገራችን አለ። ዕድሜያችሁ ከ30 እስከ 49 ዓመት ከሆነ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠይቁ።

ፊደል ስትጀምሩ «ሰው ይስቅብኛል» ያላችሁ ነበራችሁ። አንድ ላይ ስትቀመጡ ሀፍረቱ ጠፋ። ይህንንም ዛሬ ማታ እቤታችሁ አንሡት። ባል ለሚስቱ፣ ልጅ ለአባቱ ይንገር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።