በገደል አፋፍ ላይ የቆመ ዓመት፤ ስለ ስካርቦሮው ግራንድ ሆቴል የተደረገ ንግግር



ዛሬ በአጭሩ የማወሳላችሁ፣ በእንግሊዝ አገር በሰሜን ባሕር ዳር፣ በስካርቦሮ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1867 ስለ ተከፈተው ግራንድ ሆቴል ነው። ንድፉን የሠራው የሐል ከተማ ተወላጅ የሆነው ከትበርት ብሮድሪክ ነው። ብሮድሪክ ከዚያ ቀደም የሊድስን ማዘጋጃ ቤትና የእህል ገበያ አዳራሽ ሠርቶ ስሙን ያስጠራ ሰው ነበር።

ስለዚህ ሕንፃ የሚጽፉ ሁሉ የሚጀምሩት ከቁጥር ነው። አራቱ ማማዎች የአራቱ ወቅቶች፣ 12ቱ ፎቆች የወራት፣ 52ቱ የጭስ መውጫዎች የሳምንታት፣ 365ቱ መኝታ ቤቶች ደግሞ የቀናት ምሳሌ ናቸው ይባላል። (ባለቤቱ የእኛ አገር ሰው ቢሆን ኖሮ ለጳጉሜን 13ኛ ፎቅ መጨመር ግድ በሆነ ነበር።) ወለሉ በ«ቪ» ፊደል ቅርፅ መነደፉም ለንግሥት ቪክቶሪያ ክብር ነው ይላሉ።

እኔ ግን፣ ባልደረቦቼ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በዚህ የቁጥር ጨዋታ ብዙ አልደነቅም። ጨዋታው እንግዳን ይስባል እንጂ ሕንፃን አያቆምም። የሚደነቀው ብሮድሪክ ገደሉን የተጠቀመበት መንገድ ነው። ከከተማው በኩል ለሚመጣ ሰው ሕንፃው መጠነኛ ቁመት ያለው መስሎ ይታያል። ከባሕሩ ዳርቻ ቆሞ ሽቅብ ለሚመለከተው ግን ገደሉን ተከትለው የወረዱት የታችኞቹ ፎቆች ስለሚጨመሩ፣ ያው ሕንፃ እንደ አምባ ገዝፎ ይታያል። አንድ ቤት ሁለት ፊት አለው ማለት ነው፤ ለከተማው ጨዋ፣ ለባሕሩ ግርማዊ። ተዳፋት መሬት ሲያጋጥመን ቆርጠን ለመደልደል የምንጣደፍ ሰዎች ይህን ቁርጥ ንድፍ ደጋግመን ልናየው ይገባል።

የባሕር ፊት መሆን ግን ዋጋ ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 16 ቀን 1914 የጀርመን የጦር መርከቦች ከተማዋን ሲደበድቡ ሆቴሉም በመድፍ ተመታ። ከመድፉ ይልቅ የከፋው ጠላት ግን ሳያቋርጥ ጡቡንና የጡቡን መጋጠሚያ የሚበላው ጨው አዘል ነፋስ ነው። በየክፍሉ የድንጋይ ከሰል ይነድድ በነበረበት ዘመን የተተከሉት እነዚያ 52 የጭስ መውጫዎች እሳቱ ከጠፋ በኋላም መጠገን ነበረባቸው፤ ሳምንታቱን መቁጠር ያስደስታል፤ ጥገናቸውን የሚከፍለው ግን ባለቤቱ ነው።

ለባለጸጎች የተሠራውን ይህን ቤት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በትሊን የተባለው የዕረፍት ድርጅት ገዛውና አነስተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች በእነዚያው ሰፋፊ ደረጃዎች ሽቅብ ቁልቁል ይሉ ጀመር።