ሃያ ደቂቃና አንድ ቁልፍ

(በተመራቂዎች ማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ደውለው «ከሥራ ዓለም ልምድሽን አካፍዪን» ሲሉኝ እሺ አልኩ። ልምድ ሲባል ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያወራው የተሳካለትን ነው። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ያጠፋሁትን ነው። ለእናንተ ለመንገር የመረጥኩትም በምክንያት ነው። ከ1994 ባች ጀምሮ ያለነው ብዙዎቻችን ዛሬ አለቃ ሆነናል። ፈቃድ የምንጠይቅ ሳንሆን የምንፈርም ሆነናል።

ጉዳዩ ወልደው ወደ ሥራ የሚመለሱ እናቶች በሥራ ሰዓት የጡታቸውን ወተት የሚያልቡበት ጊዜና ቦታ ነው። «ማለብ» ስል ፈገግ ያላችሁ ይታዩኛል። ቃሉን ለላም ስለለመድነው ነው። ጤና ጣቢያ ብትሄዱ ግን የሚሉት ይህንኑ ነው፤ «የታለበ የእናት ጡት ወተት»። ስለዚህ ሳናፍር በስሙ እንጥራው።

የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት በ2000 ዓ.ም. ነው። ያኔ የነበረው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ነበር የሚሰጠው። ልጄ ሁለት ወር ሲሞላት እኔ ሥራ ገበታዬ ላይ ነበርኩ። ጠዋት አጥብቻት እወጣለሁ። ረፋድ አራት ሰዓት ሲሆን ጡቴ ተወጥሮ ድንጋይ ይሆናል። ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ሸሚዜ ሲረጥብ ይሰማኛል፤ ሻርፔን ደረቴ ላይ እሰበስባለሁ። ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብቼ፣ የእጅ መታጠቢያው ገንዳ ላይ ጎንበስ ብዬ በእጄ እያለብኩ እደፋዋለሁ። በሩ ይንኳኳል፤ «ሰው አለ» እላለሁ። ማታ ቤት ስገባ ልጄ የጣሳ ወተት ጠጥታ ተኝታለች።

በአራተኛው ወር ወተቴ ነጠፈ። እናቴ «ዓይን ነው» አለች። ጎረቤቶች «ምች መቷት ይሆናል» አሉ። አጥሚቱንም አብሹንም አጠጡኝ። እኔ ኬሚስትሪ የተመረቅኩት ሴትዮ፣ ዓይን ነው ሲሉኝ ዝም ብዬ ሰማሁ! ኋላ ነው የገባኝ። ጡት ጋን አይደለም፤ ሞልቶ አይጠብቅም። ወተቱ በወጣ ቁጥር ሰውነት ይተካል፤ ሳይወጣ ሲቆይ ደግሞ «አልተፈለገም» ብሎ መሥራቱን ይቀንሳል። ሲብስም ጡት ያብጣል፣ ይቆስላል፣ ትኩሳት ያመጣል። በዚያ ላይ ወተቱን የሚለቀው ኦክሲቶሲን የሚባለው ሆርሞን ድንጋጤና ጥድፊያ አይወድም። በሩ እየተንኳኳ የሚታለብ ወተት አይወርድም።

ለአለቃዬ ነግሬው ነበር ወይ? አልነገርኩትም። ምን ብዬ? ለአንድ ወንድ አለቃ «ጡቴ ሞልቷል» ብሎ የመናገር ቋንቋ ማንም አላስተማረኝም።

ከዓመታት በኋላ እኔ ራሴ የላቦራቶሪ ክፍል ኃላፊ ሆንኩ። በ2012 ዓ.ም. አንዲት ወጣት ባልደረባችን ከወሊድ ፈቃድ ተመልሳ ቢሮዬ መጣች። እኔ ያልቻልኩትን እሷ ቻለች፤ ተናገረች። «በቀን ሁለት ጊዜ ሃያ ሃያ ደቂቃ፣ የሰነድ ክፍሏንም ቁልፍ ቢፈቅዱልኝ» አለችኝ። ያቺ ክፍል ካርቶን ብቻ ነበር ያለባት። የእኔ መልስ ምን ነበር? «እኛም ወልደን አሳድገናል እኮ። ቻል አድርጊው።»

ዝም ብላ ወጣች።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ የናሙና ማቀዝቀዣውን ስፈትሽ፣ ታችኛው መደርደሪያ ጥግ ላይ በፌስታል የተጠቀለለች ትንሽ ጠርሙስ አገኘሁ። መለያ ጽሑፍ የለባትም። መለያ የሌለው ነገር ይወገዳል፤ ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ይሄ የማን ነው?» ብዬ ጮህኩ። ልጅቷ ከወንበሯ ተነሥታ ቀስ ብላ፣ «የልጄ ነው» አለች።

ናሙናና ኬሚካል ባለበት ማቀዝቀዣ የሰው ምግብ አይቀመጥም። ይህ ያኔም ልክ ነው፣ ዛሬም ልክ ነው። እኔም ደንቡን ነገርኳትና እዚያው ፊቷ ላይ ገንዳው ውስጥ ደፋሁት። ወተቱ ሲወርድ እያየሁ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ። እኔም እንዲህ ያለ ገንዳ ላይ ጎንበስ ብዬ ነበር። ንጹሕ ቦታ ስትጠይቀኝ ከለከልኳት፤ ንጹሕ ባልሆነ ቦታ ስታስቀምጥ ደግሞ ያዝኳት። ደንቤ ልክ ነበር፤ እኔ ግን ልክ አልነበርኩም።

በዚያው ሳምንት ሕጉን አውጥቼ አነበብኩ። የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ እንደ አንድ ኃላፊ ነው ያነበብኩት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ሴቶች ሙሉ ደመወዝ የሚከፈልበት የወሊድ ፈቃድ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይናገራል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከወሊድ በኋላ ያለውን ፈቃድ ከ60 ወደ 90 ቀን አሳድጎታል። ያኔ ይሠራበት የነበረው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010ም ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ሰጥቶ ነበር። ከዚያም አልፎ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እናቶች ጡት የሚያጠቡበትና ልጆቻቸውን የሚንከባከቡበት የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዞ ነበር። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ማቆያ በተከፈተበት ቦታ የምትሠራ እናት ልዩነቱን ትነግራችኋለች።

አሁን ደግሞ ሌላውን ቁጥር ያዙልኝ። ጤና ጣቢያ የሚነገረን፣ የዓለም ጤና ድርጅትም የሚመክረው፣ ሕፃን እስከ ስድስት ወር ከእናቱ ጡት በቀር ውኃም ቢሆን እንዳይሰጠው ነው። እንግዲህ ቀንሱ። ፈቃዱን በምንም መንገድ ብትቆጥሩት ስድስት ወር አይሞላም። የቀረውን ጊዜ ማን ይሙላው? ወይ ልጁ ወደ እናቱ ይመጣል፣ ወይ ወተቱ ወደ ልጁ ይሄዳል። ከዚህ ውጭ ያለው መንገድ ጣሳ ነው። ማቆያ የመጀመሪያውን መንገድ ይከፍታል። ነገር ግን ማቆያ የሌለው መሥሪያ ቤት አለ። ማቆያ ቢኖርም የአራት ወር ሕፃን አዝላ በታክሲ ሰልፍ ተሰልፋ መምጣት የማትችል እናት አለች። ለእነዚህ የቀራቸው ማለብ ነው። በግል ድርጅት ለምትሠራ እናት «የማለቢያ ጊዜ ይህን ያህል፣ ቦታውም እንዲህ ያለ» የሚል አንቀጽ ግን በ1156 ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም።

ሜሪላንድ ውስጥ ሆስፒታል የምትሠራ የባቻችን ልጅ አለች። ደውዬ ጠየቅኋት። «እዚህ አገር የግል ሠራተኛ የወሊድ ፈቃድ በደመወዝ እንዲያገኝ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የለም፤ በዚህ እናንተ ትሻላላችሁ» አለችኝ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የአሜሪካ ሕግ አሠሪው ለወለደች ሠራተኛ እስከ አንድ ዓመት ድረስ የማለቢያ ዕረፍት እንዲሰጣት ያስገድዳል። ቦታውም ከሰው ዓይን የተሰወረ፣ ሰው ዘው ብሎ የማይገባበት፣ መጸዳጃ ቤት ያልሆነ መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 የወጣው ሕግ ደግሞ ቀድሞ የቀሩትን፣ ለምሳሌ መምህራንን፣ አካቷል። ጊዜው ሁልጊዜ አይከፈልበትም፤ ይህ ጉድለቱ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 183 ግን የማጥቢያ ዕረፍት እንደ ሥራ ሰዓት ተቆጥሮ እንዲከፈልበት ይላል።

እኔን የነካኝ «መጸዳጃ ቤት ያልሆነ» የምትለዋ ቃል ናት። እዚህ አገርም እዚያ አገርም ሴቶች የገቡት አንድ ቦታ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ እኛ ምን አደረግን? ትልቅ ነገር አይደለም። ከሰነድ ክፍሏ ካርቶኖቹን አወጣን። መደገፊያ ያለው ወንበር፣ ትንሽ ጠረጴዛ፣ መጋረጃ፣ ከውስጥ የሚቆለፍ በር፣ ለወተት ብቻ የሚሆን አሮጌ ትንሽ ማቀዝቀዣ። ሶኬት ነበራት። እጅ መታጠቢያና ሳሙናው ቅርብ ነው። የኤሌክትሪክ ማለቢያ ያላት በማሽን፣ የሌላት በንጹሕ እጇ ታልባለች። ላቦራቶሪ ስለሆንን መለያ መጻፍ እናውቅበታለን፤ ስም፣ ቀን፣ ሰዓት። አሁን የታለበ ወተት እስከ 25 ዲግሪ ሙቀት ባለው ክፍል እስከ አራት ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ ደግሞ እስከ አራት ቀን ይቆያል። ማታ በረዶ ባለበት ቦርሳ ወደ ቤት ይሄዳል። ጊዜው በቀን አርባ ደቂቃ ነው፤ ለሻይና ለወሬ ከምንወጣው አይበልጥም።

አንድ ነገር ላይ ግን ጠንከር አልን። ቁልፉ ያለው ጥበቃ ዘንድ ነው፤ እኔ ቢሮ አይደለም። የምትፈልግ እናት ትወስዳለች፣ ትመልሳለች። ማንንም አታስፈቅድም። እኔ በደግነቴ የምፈቅደው ከሆነ፣ በከፋኝ ቀን እከለክለዋለሁ። ከልክዬም አውቃለሁ።

ያቺ ልጅ ክፍሏን ብዙ አልተጠቀመችባትም። እስክናዘጋጅ ድረስ ወተቷ ቀንሶ ነበር። ይቅርታ ጠየቅኋት። «ግድ የለም» አለችኝ። ግድ ግን ነበረው። ከእሷ በኋላ የወለዱ ሦስት እናቶች ተጠቅመውባታል።

እንግዲህ ልመናዬን ላቅርብና ልቀመጥ።

አለቃ የሆናችሁ ወንድሞቼ፣ ሠራተኛችሁ ከወሊድ ስትመለስ እሷ እስክትናገር አትጠብቁ። «ክፍሉ ይኸውላችሁ፣ ሰዓቱ ከደመወዝ አይቆረጥም» ብላችሁ በጽሑፍ ለጥፉ። ያን ጊዜ ለእሷም ለእናንተም የሚያሳፍር ነገር አይኖርም።

እህቶቼ፣ በተለይ እንደ እኔ ያለፈላችሁ፣ «እኛም ወልደናል» የምትለዋን ቃል እንተዋት። ወልደናል፤ ግን ስንቶቻችን ነን ወተታችን የነጠፈው? የቻልነውን ብቻ ቆጥረን የቀረብንን አንርሳ።

ውድ መምህራኖቻችን፣ ይህ ግቢ ውስጥም ጉዳዩ አለ። ሦስት ሰዓት ቆማ ፈተና የምትፈትን ወጣት መምህርት አለች። በካፌ፣ በጽዳት፣ በላይብረሪ የሚሠሩ እናቶች አሉ። ወልዳ ትምህርቷን የቀጠለች ተማሪም አለች። የፈተናውንና የክፍለ ጊዜውን ፕሮግራም ስታወጡ ከወለደች ገና ወራት ለሆናት መምህርት መሐል ላይ ተተኪ መድቡላት። ይህ በጀት አይጠይቅም፤ እስክሪብቶ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

በየዓመቱ ስንገናኝ ለግቢያችን ማስታወሻ እንተዋለን፤ ችግኝ ተክለናል፣ መቀመጫ አሠርተናል። የ1994 ባች ትናንት ማታ ራት ላይ ተነጋግረን ዘንድሮ ማቀዝቀዣውን፣ ሁለት ወንበርና መጋረጃውን ለመግዛት ተስማምተናል። ብሩ ግማሹ ራት ላይ ተሰብስቧል፤ የቀረውን ስማቸውን የማልጠራቸው ጓደኞቼ ሳይሄዱ ይከፍላሉ። የሚጎድለን አንድ ክፍል ነው። አንደኛ ፎቅ፣ ውኃ ቅርብ የሆነ፣ ካርቶን የሞላበትም ቢሆን ግድ የለም፤ ካርቶኑን እኛ እናወጣለን። ቁልፉን ግን ጥበቃ ዘንድ እንድታስቀምጡልን አደራ።