በዋልታ ደመና ውስጥ ውሃ መቼ ይረጋል?

ትምህርቱን በሬዲዮ የምትከታተሉም ሆናችሁ ይህን የታተመ ጽሑፍ ይዛችሁ የምታነቡ፣ ደብተርና እርሳሳችሁን አዘጋጁ። የዛሬው ንግግራችን ስለ ደመና ነው። ደመናው ግን በክረምት ከራሳችን በላይ የምናየው አይደለም። በምድር ሁለት ጫፎች፣ በሰሜን ዋልታና በደቡብ ዋልታ የሚያንዣብበው ነው።

«የዚያ አገር ደመና ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገሩን ከሥሩ ከተረዳን በኋላ እንመለስበታለን።

በመጀመሪያ ደመና ከምን እንደሚሠራ እንይ። በአየር ውስጥ ዓይን የማያየው የውሃ ተን አለ። አየሩ ሲሞቅ ብዙ ተን ይኖረዋል። ሲቀዘቅዝ ግን የተረፈው ተን ወደ ውሃነት ይመለሳል። ማለዳ በሣር ላይ ጤዛ የምታገኙት በዚሁ ምክንያት ነው። ጤዛው ሣሩ ላይ እንደሚያርፍ ሁሉ፣ በሰማይ ያለው ተንም የሚያርፍበት ነገር ይሻል። በሰማይ ደግሞ ሣር የለም፤ ያለው ብናኝ ነው። ከውቅያኖስ ማዕበል የተረጨ ጨው፣ ጭስ፣ ከመሬት የተነሣ አቧራ ይህን ሥራ ይሠራሉ። ተኑ በብናኙ ላይ ያርፍና የውሃ ጠብታ ይሆናል። ጠብታዋ እጅግ ደቃቅ ናት። 50 ያህሉ ጎን ለጎን ቢደረደሩ 1 ሚሊሜትር ቢሞሉ ነው። አንዲት የዝናብ ነጠብጣብ ለመሥራት አንድ ሚሊዮን ያህሉ መገናኘት አለባቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ውሃ በስንት ዲግሪ ይረጋል ብትባሉ «በዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ» ትላላችሁ። በባልዲ ላለ ውሃ መልሱ ከእውነት የራቀ አይደለም። ለደመና ጠብታ ግን አይሠራም። ንጹሕ ጠብታ ከዜሮ በታች 10፣ 20፣ እንዲያውም 30 ዲግሪ ቀዝቅዛ ውሃ እንደሆነች ልትቆይ ትችላለች። ያለ ምንም ረዳት በራሷ የምትረጋው ከዜሮ በታች 38 ዲግሪ አካባቢ ስትደርስ ነው።

እንዴት ነው ነገሩ? እስቲ ወተትን አስቡ። ትኩስ ወተት በታጠበና በታጠነ ዕቃ ቢቀመጥ ለመርጋት ጊዜ ይወስዳል። ጥቂት የቆየ እርጎ ጠብ ቢደረግበት ግን ቶሎ ይረጋል። የወተቱና የውሃው ምክንያት አንድ አይደለም። ሆኖም ሁለቱም ጀማሪ ይፈልጋሉ። ውሃ በረዶ የሚሆነው፣ ውሃውን የሠሩት እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች፣ ማለትም ሞለኪዩሎች፣ በሥርዓት ሲያያዙ ነው። በጠብታዋ ውስጥ ግን ወዲያና ወዲህ ይራወጣሉ፤ ሰልፉን የሚጀምርላቸው ያሻቸዋል። ይህን የሚያደርገው ከአፈር የተነሣ ብናኝ ወይም አንዳንድ ዓይነት ባክቴሪያ ነው። ሊቃውንቱ የበረዶ አስኳል ይሉታል። እኛ የበረዶ እርሾ ብንለውም ያስኬዳል።

ታዲያ እርሾው በየቦታው እንደ ልብ አይገኝም። በደቡብ ዋልታ ዙሪያ ያለው ውቅያኖስ ከበረሃና ከታረሰ መሬት እጅግ የራቀ ነው። የባሕር ጨው ደግሞ ተንን ለማሰባሰብ ጎበዝ ቢሆንም በረዶን ለማስጀመር እምብዛም አይረዳም። ስለዚህ በዚያ ያለው ደመና ከዜሮ በታች ወርዶም ብዙውን ጊዜ ውሃ ነው።

በአንድ ደመና ውስጥ ጥቂት ጠብታዎች ቢረጉስ ምን ይከተላል? በግሪንላንድ የበረዶ ምድር ይመላለስ የነበረው ጀርመናዊው አልፍሬድ ቬገነር ነገሩን እ.ኤ.አ. በ1911 ጠቆመ። ኋላም ስዊድናዊው ቶር ቤርዤሮን አስፋፍቶ አስረዳው። በረዶ ተንን ከውሃ ይልቅ አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ደመና ውስጥ ሲገናኙ በረዶው ከአየሩ ተን እየወሰደ ያድጋል። የጎደለውን ለመተካት ጠብታዎቹ ይተናሉ። አንዱ ሲሰባ ሌላው ይከሳል ማለት ነው። የበረዶው ቅንጣት ስድስት ጎን ያለው ክሪስታል ሆኖ ያድጋል። መልኩ እንደ ቅዝቃዜው መጠን ይለያያል፤ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ አካባቢ እንደ መርፌ ይረዝማል፣ 15 ዲግሪ አካባቢ ደግሞ ስድስት ክንድ ያለው ኮከብ ይሆናል። ጃፓናዊው ኡኪቺሮ ናካያ እ.ኤ.አ. በ1936 እንዲህ ያለውን ክሪስታል ለመጀመሪያ ጊዜ በቤተ ሙከራ አሳድጎ አሳየ። ቅንጣቱ ሲከብድ ከደመናው ይረግፋል።

በዚህ ሒሳብ በረዶ የጀመረው ደመና ውሃው በጥቂት ሰዓት ማለቅ ነበረበት፤ አይደለም እንዴ? በሰሜን ዋልታ ግን ውሃና በረዶ የተቀላቀሉበት ደመና ለቀናት ሳይበተን ይቆያል። ምክንያቱ ይህ ነው። የደመናው አናት ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘው አየር ከብዶ ይወርዳል፤ ከታች ያለው እርጥብ አየር በምትኩ ይወጣና አዲስ ጠብታ ይሠራል። ስለዚህ ከላይ ውሃ፣ ከሥሩ ደግሞ የሚረግፍ በረዶ ይታያል። ፖላርሽተርን የተባለችው የጀርመን መርከብ እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2020 በሰሜን ዋልታ በረዶ መካከል ሆና ከበረዶው ጋር ስትንሳፈፍ፣ ከብዙ አገሮች የመጡ ተመራማሪዎች ከለኳቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ደመና ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ፤ ለእኛ ምናችን ነው? ጠብታው መርጋቱና አለመርጋቱ ከሥሩ ያለውን ምድር ሙቀት ይወስናል። ምድር ሙቀቷን ወደ ላይ ትለቃለች። ብዙ ደቃቅ ጠብታ ያለበት ደመና ይህን ሙቀት እንደ ጋቢ ይዞ ወደ ምድር ይመልሰዋል። ጥቂት የበረዶ ቅንጣት ብቻ የቀረበት ስስ ደመና ግን አብዛኛውን ያሳልፈዋል።

እ.ኤ.አ. በ2012 በሐምሌ ወር ግሪንላንድ ላይ የሆነው ለዚህ ምስክር ነው። በዚያ አገር በበጋ የሚቀልጠው የበረዶው ገጽ በአማካይ ግማሽ ያህሉ ነው። በዚያ ወር ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ 97 ከመቶ ያህሉ ቀለጠ። ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው አናቱ እንኳ አልቀረም። አንደኛው ምክንያት ሞቃት አየር መምጣቱ ነው። ሁለተኛው ስስና ዝቅተኛ የውሃ ደመና ነበር፤ ስስነቱ የፀሐይን ብርሃን ያሳልፋል፣ ጠብታዎቹ ግን የምድሩን ሙቀት ያዙ። በሚቀጥለው ዓመት የወጣ ጥናት፣ ደመናው ባይኖር ኖሮ አናቱ ባልቀለጠ ነበር ብሏል።

የግሪንላንድ በረዶ በሙሉ ቢቀልጥ የዓለም ባሕር 7 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ይህ የብዙ መቶ ዓመታት ጉዳይ ነው። ባሕር ግን የተያያዘ ነውና ጭማሪው ከግሪንላንድ ርቀው የሚገኙ ወደቦችንም ይነካል። ስለዚህ የምድርን ሙቀት የሚያሰሉ ሰዎች በዋልታ ደመና ውስጥ ስንቱ ውሃ፣ ስንቱ በረዶ እንደሆነ ማወቅ ግድ ይላቸዋል።

ቀዝቅዞ ያልረጋው ውሃ በሌላም በኩል ያገኘናል። አውሮፕላን እንዲህ ባለ ደመና ውስጥ ሲያልፍ ጠብታዎቹ ክንፉን ሲነኩ ወዲያው ይረጋሉ፤ በረዶውም የክንፉን ቅርፅ ያበላሻል። በደጋው አገራችን ሰብል የሚያረግፈው በረዶም የሚያድገው እንዲህ ያለ ውሃ እየተለጠፈበት ነው። ለካ የዋልታው ትምህርት ከማሳችን ሩቅ አይደለም!

በሉ እንግዲህ፣ እነዚህን ቃላት በደብተራችሁ ጻፉ፦ ተን፣ ብናኝ፣ ጠብታ፣ አስኳል፣ ዋልታ። ከዚያም በእነዚህ ጥያቄዎች ተወያዩ፦

1. ጤዛ ሣር ላይ ያርፋል። በሰማይ ያለው ተንስ በምን ላይ ያርፋል?
2. የደመና ጠብታ በዜሮ ዲግሪ የማትረጋው ለምንድን ነው?
3. ምድርን አብልጦ የሚያሞቀው የትኛው ስስ ደመና ነው፤ የውሃው ወይስ የበረዶው? ለምን?

ማንበብ የሚችል ላልቻለው ያንብብለት። በደኅና ያገናኘን!