ይህ አካል የማነው?

(በአዲስ አበባ በአንድ የሴቶች መረዳጃ ዕድር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ንግግሬን በአክስቴ ልጀምር፡፡ ፈቅዳልኝ ነው የምናገረው፡፡ አንድ ጡቷ በቀዶ ጥገና ከተወገደ በኋላ ፎቶ መነሳት እርም አለች፡፡ በሰርግ ሆነ በክርስትና ካሜራ ብቅ ካለ እሷ ወደ ጓዳ ናት፡፡ የቤታችንን አልበም ብትገልጡ ከዚያች ዓመት ወዲህ አክስቴ የለችም፡፡ በቁሟ ከአልበሙ ወጣች! ለመሆኑ ማን አስወጣት? በሽታው ነው? አይደለም፡፡ ለጎረቤት "ጨጓራዋን ነው" እያልን የዋሸነው እኛው ነን፡፡ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እየሰማን አብረን ደበቅን፡፡

እስቲ ደግሞ ወደ እንግሊዝ አገር ልውሰዳችሁ፡፡ ጆ ስፔንስ የሰርግና የቤተሰብ ፎቶ እያነሳች እንጀራዋን የበላች ሴት ነበረች፡፡ እ.ኤ.አ. በ1982 የጡት ካንሰር እንዳለባት ተነገራት፡፡ ታዲያ ምን አደረገች? ካሜራዋን ይዛ ሆስፒታል ገባች! ከቀዶ ጥገናው በፊት በጡቷ ላይ "የጆ ስፔንስ ንብረት?" የሚል ጽሑፍ አኑራ ፎቶ ተነሳች፡፡ የጥያቄ ምልክቷን ልብ በሉልኝ፡፡ በኋላም ከሮዚ ማርቲን ጋር ሆና፣ አንዷ የሌላዋን ታሪክ እየሰማች፣ በየተራ መነሳትና ማንሳትን የቁስል ማከሚያ አደረጉት፡፡

አሜሪካዊቷ ማቱሽካም አለች፡፡ ጡቷ የተቆረጠበትን ጠባሳ ሳትሸፍን ራሷን በራሷ ያነሳችው ፎቶ እ.ኤ.አ. ኦገስት 15 ቀን 1993 በኒውዮርክ ታይምስ መጽሔት የፊት ሽፋን ላይ ወጣ፡፡ ገሚሱ አንባቢ ተቆጣ፤ ገሚሱ አመሰገነ፡፡ ዝም ያለ ግን አልነበረም፡፡

አንድ ነገር እንዳትሳሳቱብኝ፡፡ ፎቶ ካንሰር አያድንም! በሀገራችን ሴቶችን ከሚያጠቁ ካንሰሮች ግንባር ቀደሙ የጡት ካንሰር ነው፡፡ እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ የሚለየው ግን ሐኪም እንጂ ይሉኝታ አይደለም፡፡ በጊዜ የተደረሰበት የመዳን ዕድሉ ይሰፋል፡፡ ፎቶ የሚያክመው ሌላውን ቁስል ነው፤ "ከሰው ተራ ወጣሁ" የሚለውን፡፡

ታዲያ ምን እናድርግ? ገንዘብ አይጠይቅም፡፡ ከሕመሙ የተረፉ አራት አምስት ሴቶች ቡና አፍልተው ይሰብሰቡ፡፡ አንድ ባለ ካሜራ ስልክ ይበቃል፡፡ አንዷ ሌላዋን ታንሳ፡፡ ማንም ሳይፈቅድ አይነሳ፡፡ ጠባሳ ማሳየት ግዴታ አይደለም፤ እጅም፣ ነጠላም፣ የመድኃኒት ብልቃጥም ፎቶ ነው፡፡ ፎቶው የተነሺዋ ንብረት ነው፤ ስታሻው ታሳየዋለች፣ ስታሻው ትቀደዋለች፡፡ አዲስ ታማሚ ስትመጣ ደግሞ "እኔም እንዲህ ነበርኩ" ብሎ አልበም የሚገልጥላት ሰው ታገኛለች፡፡ ከባዶ ማጽናናት ይህ አይሻልም?

ባለፈው ፋሲካ አክስቴን ቡና ስትቀዳ እጇን ብቻ ላንሳ ብዬ ለመንኳት፡፡ እሺ አለችኝ፡፡ ፎቶውን ትኩር ብላ አየችው፡፡ ከዚያ ነጠላዋን አስተካከለችና "ፊቴንስ ለማን ልትተወው ነው?" አለች፡፡

እኔም ጥያቄዋን ለእናንተ ትቻለሁ፡፡