ልጆች በእጃቸው ሲማሩ
(በገበሬዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ ክረምት ወደ ቀበሌያችሁ የተመደብን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ልጆቻችሁን እንድትልኩልን ጠይቀናችኋል። ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ተሰብስበው ሳይንስንና ቴክኒክን በእጃቸው እየሠሩ እንዲማሩ ነው ሐሳባችን። ታዲያ አንዳንዶቻችሁ «ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ደግሞ የምን ትምህርት ነው? አረሙንስ ማን ያርምልናል?» ብላችኋል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሳንሸፋፍን እንመልሳለን።

ይህ ነገር በብዙ አገር የተለመደ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወጣቶች ለጥቂት ሳምንት አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ። እዚያ ልጁ ቁጭ ብሎ አይሰማም። መጋዝ፣ ሽቦ፣ ባትሪ ይሰጠዋል፤ ይፈታል፣ ይገጥማል፣ ያበላሻል፣ እንደገና ይሠራል። በአገራችንም በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲና በቢሾፍቱ ለዚህ ሥራ የተቋቋሙ ማዕከሎች አሉ። መልካም ነው። ዳሩ ግን እውነቱን እንነጋገር፤ እንዲህ ያለው ቦታ የሚቀርበው ለከተማ ልጅ ነው። በፈረንጅ አገር ትምህርት የሚዘጋው በበጋ ነው፤ ፀሐይና ዕረፍት ነው። የኛ ክረምት ግን ዝናብና አረም ነው። የገበሬ ልጅ በሐምሌ ማሳውን ጥሎ ከተማ ይሂድ ማለት የገበሬን ኑሮ አለማወቅ ነው። ስለዚህ ትምህርቱ ራሱ ወደ ማሳው ይምጣ አልን።

ምን ይማራሉ? አንዱን እንንገራችሁ።

«ለ» የምትባለውን ፊደል ታውቋታላችሁ፤ ሁለት እግር አላት። ሁለት ሜትር ያህል የሚረዝሙ ሁለት ቀጥ ያሉ እንጨቶች ጫፋቸው ይታሰርና እንደ «ለ» ይቆማሉ። በመካከላቸው አግዳሚ እንጨት ይታሰራል። ከላይ ከጫፉ ገመድ ይወርዳል፤ በገመዱ ላይ ድንጋይ ይንጠለጠላል። ግንበኛ ቱንቢ የሚለው ነው። መሬት ድንጋዩን ወደ ራሷ ስለምትስበው ገመዱ ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። እንግዲህ ሁለቱ እግሮች እኩል ከፍታ ላይ ከቆሙ፣ ገመዱ አግዳሚውን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይነካል ማለት ነው።

ያ ቦታ የቱ ነው? ልጆቹ የሚያስቡት እዚህ ላይ ነው። መሣሪያውን በሁለት ችካል ላይ ያቆሙና ገመዱ አግዳሚውን የነካበትን በከሰል ምልክት ያደርጋሉ። ከዚያ እግሮቹን ያቀያይራሉ፤ የቀኙ በግራው፣ የግራው በቀኙ ችካል ላይ ይቆማል። አሁን ገመዱ ሌላ ቦታ ይነካል። እሱንም ምልክት ያደርጋሉ። ትክክለኛው ልክ የሁለቱ ምልክቶች መካከል ነው። ለምን ቢሉ፣ መሬቱ ቢያጋድል ገመዱ መጀመሪያ ወደ አንዱ እግር ያዘነብላል፤ እግሮቹ ሲቀያየሩ ደግሞ በዚያው መጠን ወደ ሌላው ያዘነብላል። ይህን ልጁ ከደብተር ቢያነበው ለፈተና ይሸመድደዋል እንጂ አያምነውም። እንጨቱን ራሱ ሲገለብጠው ግን ይገባዋል። ብዙዎቻችን ስለ መሬት ስበት 12 ዓመት ተምረን አንድ ድንጋይ እንኳ በገመድ ሳናንጠለጥል ዩኒቨርሲቲ ገባን። የሰማይ ላም ማለት እንዲህ ያለው ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ማሳ ይወጣል። አንዱ እግር ባለበት ይቆማል፤ ሌላው ገመዱ ምልክቱ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ወደ ላይ ወደ ታች ይፈለግለታል። እዚያ ችካል ይተከላል። እንዲህ እየተራመዱ ሲሄዱ የችካሎቹ መስመር እንደ ሐይቅ ዳር በእኩል ከፍታ ተራራውን ይዞራል። በዚህ መስመር የተሠራ እርከን ጎርፉን ያቆመዋል፤ ውሃው ይሰርጋል። ያጋደለ እርከን ግን ውሃውን ዝቅ ወዳለው ጫፍ ሰብስቦ ይደረመሳል፤ አፈሩም ይሄዳል። የሄደ አፈር ደግሞ አይመለስም። ውሃ በሚተኛበት በዋልካ መሬት ላይ ውሃውን ቀስ አድርጎ የሚያስወጣ ጥቂት ዝንባሌ ያስፈልጋል፤ ለዚያ የግብርና ባለሙያው ይጠየቅ።

«እኛ በዓይናችን ልኩን እናውቃለን» የሚል ሽማግሌ አይጠፋም። እውነት ነው። የኮንሶ ገበሬዎች በድንጋይ የካቡት እርከን ከ400 ዓመት በላይ የዘለቀ ነው፤ መልክዓ ምድሩም በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ያን የሠሩት ዩኒቨርሲቲ ገብተው አይደለም። እንግዲያው ልጆቹ በሚለኩበት ቀን ሽማግሌዎችም ይምጡልን። ዓይንና ቱንቢ ይወዳደሩ እንጂ!

ሁለተኛው የውሃ ነገር ነው። በተለምዶ ሃይላንድ የምንለው ጠርሙስ፣ ቀለም የሌለው ከሆነ፣ በጠራ ውሃ ተሞልቶና ተከድኖ ለ6 ሰዓት ፀሐይ ላይ ቢተኛ የፀሐዩ ጨረር በውሃው ውስጥ ያሉትን የተቅማጥ ተዋሲያን ይገድላል። ሰማዩ ደመና ከሆነ 2 ቀን ይፈልጋል። ቀኑን ሙሉ ዝናብ ከሆነ ግን አይሠራም፤ ያን ጊዜ ማፍላት ነው። ውሃው መጥራቱ በምን ይታወቃል? ጠርሙሱን ትልልቅ ፊደል በተጻፈበት ወረቀት ላይ አቁሙና በአፉ በኩል ወደ ታች ተመልከቱ። ፊደሉ ከተነበበ ውሃው ይበቃል። ካልተነበበ በጨርቅ ይጠለል። ማንበብ ለዚህም ይጠቅማል፤ ይህን እናንተም እቤታችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ።

«የገበሬ ልጅ ቴክኒክ ምን ያደርግለታል?» ለሚል ደግሞ የአንድ ልጅ ታሪክ አለን። በማላዊ አገር ዊልያም ካምክዋምባ የሚባል የገበሬ ልጅ ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2001 መጨረሻና በ2002 ረሃብ ገባ፤ አባቱ የትምህርት ቤት መክፈያ አጡ፤ ልጁም ትምህርቱን አቋረጠ። ዕድሜው 14 ነበር። ከመንደሩ ቤተ መጻሕፍት የሳይንስ መጽሐፍ ተዋሰ። እንግሊዝኛውን እምብዛም ባያውቅ ሥዕሉን እያጠና፣ ከብስክሌት፣ ከትራክተር ማራገቢያና ከፕላስቲክ ቧንቧ በነፋስ የሚሽከረከር የመብራት መሣሪያ ሠራ። ማማው ከባሕር ዛፍ ነበር፤ እኛ ዘንድ እንደ ልብ የሚገኘው እንጨት። እቤታቸው አምፖል በራ። የናንተ ልጆች ሁሉ ይህን ይሠራሉ ብለን አናታልላችሁም። ያ ልጅ ግን መጽሐፍና ብረታ ብረት ባያገኝ ኖሮ የሚችለውን ማንም አያውቅለትም ነበር።

አሁን ወደ አረሙ። ጤፍ ሳይታረም ልጅ ልቀቁ አንልም። ስለዚህ የምንሰበሰበው እርሻ በማይነካበት በበዓል ቀን ከቅዳሴ በኋላ፣ በወር በ12፣ በ19ና በ21 ይሁን። የልጆቹ ሥራ መለካት ነው እንጂ መቆፈር አይደለም። እረኞች ተራ ይግቡ። ሴቶች ልጆችን ውሃ ቅጂ ብላችሁ አታስቀሩብን፤ ውሃውን የምታመጣው እሷ ከሆነች ስለ ውሃው ቀድማ ማወቅ ያለባት እሷ ናት። በመስከረም እኛ እንሄዳለን፤ መሣሪያው ግን እዚሁ ይቀራል። የሚያስቀምጠውን ሰው ዛሬ ምረጡልን።

ገመዱን እኛ እናመጣለን። ከየቤቱ ሁለት ቀጥ ያለ እንጨት፣ አንድ አግዳሚና አንድ ባዶ ሃይላንድ ላኩልን።