ስለ 532 ቁጥር ባሕርይ
በሐዋሳ ከተማ የተነገረ ዲስኩር



ዘመንን በቁጥር መስፈር ለአገራችን ሊቃውንት የቆየ ጥበብ ሲሆን፣ የዚህ ጥበብ መዝገብ የሆነውና በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለቅዱስ ድሜጥሮስ የሚሰጠው ባሕረ ሐሳብ፣ ዛሬ ስለ አንድ ቁጥር፣ ስለ 532፣ እንድናገር ምክንያት ሆኖኛል። ሊቃውንቱ ዐውደ ቀመር ይሉታል፤ በዚህ ዘመን ፍጻሜ ዕለትና የዓመቱ ወንጌላዊ፣ የጨረቃ ስሌት ቁጥሮች የሆኑት አበቅቴና መጥቅዕም በአንድነት ወደ መነሻቸው ተመልሰው፣ አጽዋማትና በዓላት በቀድሞ ሥርዓታቸው ይውላሉና።

ስለ ምን 532 ሆነ? የጨረቃ ስሌት ከፀሐይ ዓመት ጋራ የሚታረቅበት ዐውደ አበቅቴ 19 ዓመት ነው፤ ሰባቱ ዕለታትና አራቱ ወንጌላውያን የሚገጥሙበት ዐውደ ፀሐይ ግን 28 ዓመት ነው። 19 ብቸኛ ቁጥር ሆኖ 28ን ስለማያካፍል፣ ሁለቱ ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም፤ ስለዚህ 19 ጊዜ 28፣ ማለት 532 ዓመት፣ ሳይፈጸም በመነሻቸው አይገናኙም። የጋራ አካፋይ ያላቸው 12ና 18 ግን ብዜታቸው 216 ሳለ በ36 ይገናኛሉ።

ከዚህም የተነሣ በዐውደ ቀመሩ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ዓመት ሌላ ዓመት የማይጋራው የቀሪዎች ጥንድ አለው። 2017 ዓ.ም.ን ለአብነት ብንወስድ፣ 5500 ሲጨመርበት 7517 ዓመተ ዓለም ይሆናል፤ እርሱም ራሱ ብቸኛ ቁጥር ነው። በ19 ሲገደፍ 12፣ በ28 ሲገደፍ 13 ይተርፋል፤ ከ1 እስከ 532 ካሉት ቁጥሮችም እነዚህን ሁለት ቀሪዎች የሚሰጠው 69 ብቻ ስለ ሆነ፣ ዓመቱ የ15ኛው ዐውደ ቀመር 69ኛ ዓመት መሆኑ ያለ ጥርጥር ይታወቃል። በ19 ተገድፎ ከተረፈው፣ መደብ ከሚባለው ከ12 አንድ ሲቀነስ ወንበር የሚባለው 11 ይሆናል፤ ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 1፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 29 ይሆናል። የሁለቱ ድምር 30 መሆኑም የአጋጣሚ ነገር አይደለም፤ 11ና 19 ተደምረው 30 ናቸውና።

የጋራ አካፋይ የሌላቸው ዑደቶች የሚገናኙበት ይህ ሕግ በዚህች ከተማ ባዕድ አይደለም። በሲዳማ አባቶች አቆጣጠር ሳምንቱ ዲቆ፣ ዴላ፣ ቃዋዶና ቃዋላንቃ የተባሉ አራት ዕለታት ሲኖሩት፣ ሰባት ሳምንታት የ28 ቀን ወር ይሆናሉ። 4ና 7 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸውም፣ የዲቆ ዕለት ከሰኞ እስከ እሑድ ካሉት ዕለታት ጋራ እያንዳንዱን አንድ ጊዜ ሳይገናኝ ወደ ተነሣበት ዕለት አይመለስም። ከዋክብትንና ጨረቃን ተመልክተው የሲዳማን የዘመን መለወጫ በዓል፣ የፍቼን ቀን የሚያስታውቁት አያንቶዎች የሚጠብቁት ይህ ትውፊት፣ በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ሲጻፍ በዓለም ፊት ከብሯል።

እንግዲህ በትምህርት ቤቶቻችን ስለ ብቸኛ ቁጥርና ስለ ቀሪ የሚያስተምሩ መምህራን፣ ምሳሌውን ከሩቅ ከመሻት አስቀድመው ከባሕረ ሐሳቡ መምህርና ከአያንቶው ዘንድ እንዲቀዱ በትሕትና እማጸናለሁ፤ አባቶቹ ዘመን የሰፈሩበትን ቁጥር ሕጉን አውቆ የሚያሰላ ልጅ፣ ቅርሱን ተረካቢ ብቻ ሳይሆን የጥበቡ ባለቤት ይሆናልና።