ለኮሌጅ ተማሪዎቻችን የትኛው ይሻላል?
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



በትርፍ ሰዓት ሥራ የተጠራቀመ ገንዘብ በማስታወቂያ ተታለን እንዳናባክን አደራ እንላለን። በመጀመሪያ መምህሩ ያዘዘው መጽሐፍ በምን ዓይነት ፋይል እንደሚገኝ ይጠየቅ፤ መሣሪያው ከዚያ በኋላ ይገዛ።

እንደ ኪንድል ያለው ባለ 6 ወይም ባለ 7 ኢንች ማንበቢያ ዓይን ብዙም አያደክምም፤ ባትሪውም ለሳምንታት ይቆያል፤ ለልብ ወለድ ተስማሚ ነው። ነገር ግን 8.5 በ11 ኢንች የሆነ የባዮሎጂ ገጽ ሲገባበት ሥዕሉና ሠንጠረዡ ይጨመቅና ለማንበብ ያስቸግራል። ለዚህ ባለ 10 ወይም ባለ 11 ኢንች ታብሌት ይሻላል።

የተከራያችሁት መጽሐፍ ጊዜው ሲያልቅ አይከፈትም፤ ቀኑን አስቀድማችሁ እወቁ። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በራይስ ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጀው ኦፕንስታክስ ግን የኮሌጅ መጻሕፍትን በነፃ ያቀርባል። የተረፈው ገንዘብ ለትምህርት ክፍያ ይዋል።